ብርድ ልብስም ይተነፍሳል

ብርድ ልብስ ለማጠፍ ምክር አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው አማት የለውም ማለት ነው። አማት ያለው ያውቃል፤ ብርድ ልብስ አራት ጫፍ አለው፣ በአራቱም ጫፍ ምክር ይገባል። በየዘመዱ መካከል አንዲት እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም። ስሟ ይለያይ ይሆናል እንጂ እጇ አንድ ነው፤ ነጠላዋን ሳታወርድ የሰው ቁምሳጥን የሚከፍት እጅ።

ለሊሞር የደረሷት ደግሞ የሁሉም የበላይ ናቸው፤ ክብርት ወይዘሮ ዓለምወርቅ፣ ሊቀ ፍራሽ፣ የትራስ ባለሟል፣ የአንሶላ ዳኛ፣ የባሏ የኦፈር እናት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እስራኤል አገር፣ ከሐደራ ከተማ ገበያ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ይኖራሉ ይባላል እንጂ ቀን ቀን እዚያ የሚያገኛቸው የለም። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ከገበያው ቲማቲምና ቃሪያ ይሸምቱና፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ክፋር ብራንዳይስ የሚባለው ሰፈር ወርደው፣ ልጃቸው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ይወጣሉ። አሳንሰሩን አያምኑትም። «በሩን ዘግቶ ወዴት እንደሚወስደኝ የማይነግረኝን ነገር አልገባበትም» ይላሉ።

ሰላምታቸው የታወቀ ነው። «እንዴት ዋላችሁ? ልጂቱ ደህና ናት? እግዚአብሔር ይመስገን።» ከዚያ ቅርጫታቸውን ወጥ ቤት ያስቀምጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ደረጃውን አንድ ጊዜ ያማርራሉ፤ ቀጥሎም ሊሞር ከሠርጓ ማግስት ጀምራ በሕልሟ ሳይቀር የምትሰማት ንግግር ትመጣለች።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ግን...»

ከዚያች «ግን» ወዲያ ያለው አገር ዳርቻ የለውም። ስለ ወጥ ጨው፣ ስለ ልጂቱ ካልሲ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያደርሰው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ትርፉ መኝታ።

የትርፉ መኝታ ነገር የተጀመረው «ለጊዜው» በምትል ቃል ነው። ሊሞርና ኦፈር ቤቱን በተከራዩ ሰሞን እማማ ዓለምወርቅ ሁለት ፍራሽና ጥቂት ብርድ ልብስ በዘመድ መኪና አስጭነው መጡ። «ለጊዜው እዚህ ይቀመጥልኝ» አሉ። ሊሞር ገና ሙሽራ ነበረችና «ቤሴዴር፣ እማማ፣ ችግር የለም» አለች። በሳምንቱ ትራሶች መጡ። ቀጥሎ ፑኽ የሚሉት ባለ ላባ ወፍራም ብርድ ልብስ መጣ፤ ቀጥሎ ሌላ ፍራሽ፤ ቀጥሎ ደግሞ በአውሮፕላን አገር የገቡ ሰሞን የተሰጧቸው፣ ቆዳ የሚቧጥጡ ግራጫ ብርድ ልብሶች። እነዚያን ማንም ለብሷቸው አያውቅም፤ ማንም ይጣሉ ብሎም አያውቅም። «ለጊዜው» እዚያው ቤት ውስጥ አረጀ፣ ሸበተ።

ቤቱ ደግሞ ቤት አይደለም፣ የክብሪት ሣጥን ነው። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ አንዲት ማማድ። ማማድ የሚሏት የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮህ ሰው ሁሉ ሮጦ የሚገባባት፣ ግድግዳዋ ወፍራም፣ በሯ ብረት የሆነች ክፍል ናት። የትርፉ መኝታ ግዛት እሷ ሆነች። አንድ ጊዜ ሳይረን ጮኾ ሁሉም ሲሮጡ፣ የሚቆሙበት ስላልነበረ ፍራሹ ጫፍ ላይ ወጥተው፣ ጭድ በጫነ ጋሪ ላይ እንደተሳፈረ ሰው ራሳቸውን ከጣሪያ በታች አጎንብሰው ተቀመጡ። ልጂቱ አለቀሰች። ኦፈር አንገቱ ተቀጨ። እማማ ዓለምወርቅ ግን ፊታቸው በራ፤ «ይኸው ጥቅሙ! ወለሉ ላይ ብንሆን በርዶን ነበር» አሉ።

ሊሞርን የሚያስቸግራት የመኝታው ብዛት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግራ የሚያጋባት ሕጉ ነው።

«ሊሞርዬ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ፍራሽ አቁመው አያስቀምጡም። ጥጡ ወደ ታች ይወርድና ወገቡን ያመዋል።»

«ፍራሹን ነው ወገቡን የሚያመው?»

«ታዲያ ማንን? በኋላ የሚተኛበትንም ያመዋል፣ አስቀድሞ ግን እሱን ያመዋል።»

ሊሞር እሺ ብላ ፍራሾቹን አጋደመች። እማማ በሳምንቱ መጥተው የማማዱን በር ሲከፍቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ! ማነው ያጋደመው?»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ፣ እማማ።»

«እኔ? እኔ ያንን ነው ያልኩሽ። ይኸኛው ከተጋደመ ይታፈናል።»

ሊሞር ሁለቱን ፍራሾች ደጋግማ አየቻቸው። ቀለማቸው ያው፣ ጨርቃቸው ያው፣ የተገዙበት ሱቅ ያው። የትኛው «ያ»፣ የትኛው «ይኸኛው» እንደሆነ መንታ የወለደች እናት እንኳ አትለየውም። እየተደናገረች አንዱን አቆመች፣ አንዱን አጋደመች። እማማ «እሰይ» አሉ። ትክክል አድርጋ ይሁን አጋጣሚ ሆኖ፣ ዛሬም አታውቅም።

ትራስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው የሚቀመጠው። «ራስ ያረፈበት ነገር እግር ካረፈበት በታች አይውልም» ይላሉ። ሕጉ ሕግ ነው። ብቻ ትራሶቹ ከጣሪያው ሥር ስለሚቆለሉ፣ በሩን የከፈተ ሰው ሁሉ ራሱን ይመታል። ኦፈር በሩን ሲከፍት እጁን ወደ ላይ መዘርጋት ለምዷል፤ የሚጸልይ ይመስላል።

ብል እንዳይገባ ብለው ያደረጉትም አይረሳም። አንድ ቀን ለሽርሽር ናሓል ሐደራ መናፈሻ ሄደው፣ ሁሉም ሥጋ ሲጠብስ እማማ ከባሕር ዛፉ ሥር ጠፉ። ሲመለሱ ነጠላቸው በቅጠል ተሞልቷል። ቤት ደርሰው በየእጥፋቱ፣ በየትራሱ ልብስ ቅጠል ጎሰጎሱበት። ቤቱ ሁሉ የጉንፋን መድኃኒት፣ የጉንፋን መድኃኒት ሸተተ። ኦፈር ከሥራ ሲገባ በር ላይ ቆሞ «ማን ታመመ?» አለ። ሊሞር ሽታውን ለመድኩት ባለችበት ሳምንት እማማ መጡና አንድ አንሶላ ገለጥ አድርገው ጮኹ።

«ይኼን ቅጠል ማን አስገባው?»

ሊሞር ቅጠሉን መልቀም ጀመረች። እውነት ሲጠፋባት እጇን ማሠራት ተምራለች።

«አንሶላውን አያወይበውም? ምነው ልጄ፣ ጠይቂኝ እንጂ።»

ለኦፈር ስትነግረው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ኦፈር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የተቃጠለ ገመድ ያገናኛል፣ እናቱንና ሚስቱን ግን አያገናኝም፤ ይፈራል። «እናቴ እኮ ናት፣ ምን ላድርግ?» ይላል፤ ከዚያ ልጂቱን ይዞ መናፈሻ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሊሞር በልቧ ሌላ ነገር ታበስል ነበር። ልጇን እስክትወልድ በሰው የሕፃናት ማቆያ ተቀጥራ ሠርታለች። የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ፣ የሰው ልጅ እሹሩሩ ስትል፣ «ይኼንን እኮ በራሴ ቤት ብሠራው የራሴንም ልጅ አሳድጋለሁ» የሚል ሐሳብ ገባባት። ሚሽፓሕቶን ይሉታል፤ ጥቂት ሕፃናትን በቤትሽ ተቀብለሽ ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ የምትጠብቂበት። ኮርሱን ጨረሰች። የእሳት ማጥፊያ ገዛች። ሹል የጠረጴዛ ጫፍ ሁሉ በስፖንጅ ሸፈነች። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዋ መጥታ ቤቱን ታያለች፤ ሕፃናቱ ሳይረን ሲጮህ የሚገቡበት ማማድ ደግሞ ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ማለት ባዶ። ይህ ካልሆነ ሚሽፓሕቶን የለም፤ ሊሞርም ልጇን ለሌላ ሰው ሰጥታ ወደ ቅጥር መመለሷ ነው።

ስለዚህ ሊሞር ዘዴ ፈጠረች። አየሩን በመጥረጊያ ማሽን የሚመጥጡበት የላስቲክ ከረጢት ገዝታ፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ እየከተተች መጠመጠችው። ተራራው ሲሟሽሽ፣ ፑኹ እንደ ደረቅ ዳቦ ሲቀጥን፣ እስክስታ መውረድ ቀራት። ማማዱ ውስጥ ወለል ታየ! የወለሉ ቀለም ምን እንደነበር ያስታወሰችው ያን ቀን ነው።

እማማ ዓለምወርቅ በማግስቱ መጡ። ከረጢቶቹን ሲያዩ እንደ አስከሬን በቀስታ ዳሰሷቸው።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከሳው?»

«አየሩን አወጣሁት፣ እማማ። ቦታ እንዲቆጥብ።»

«ትንፋሹን ቀማሽው?»

«ብርድ ልብስ እኮ ነው።»

«ብርድ ልብስም ይተነፍሳል፣ ልጄ። ያልተነፈሰ ልብስ ሰው አያሞቅም።»

ሊሞር ለልጂቱ ወተት ልታሞቅ ወጥ ቤት ገባች። ከማማዱ በኩል ፍፍፍፍ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ ሌላ ፍፍፍፍ። እየሮጠች ስትመጣ ወይዘሮ ዓለምወርቅ የመጨረሻውን ከረጢት ከፍተው፣ እያበጠ በሚመጣው ፑኽና በግድግዳው መካከል ተጣብቀው፣ በርኅራኄ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉት ነበር። የማማዱ በር ከዚያ በኋላ አልዘጋ አለ።

ቀጥሎ ሊሞር ደፈረችና ጠየቀች። የኦፈር እኅት ኮኮቤ እዚያው ሐደራ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት አላት፤ ከጓሮው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አለው፣ ለሦስት ቤተሰብ የሚበቃ።

«እማማ፣ መኝታውን ኮኮቤ ጋር ለምን አናስቀምጠውም?»

«ኮኮቤ ጋር አይሆንም።»

«ለምን?»

«ቦታ አለ እዚያ።»

«እኮ! ቦታ ስላለ ነው የምልዎት።»

«እኔም ቦታ ስላለ ነው የምልሽ» አሉና ቃሪያቸውን መሰንጠቅ ቀጠሉ።

ሊሞር ይህን ነገር ከላይም ከታችም ገልብጣ አየችው። ቦታ ያለበት ቤት ቦታ ስላለ አይሆንም፤ ቦታ የሌለበት ቤት ቦታ ስለሌለ ይሆናል።

በዚህ መካከል አያ ያየህ ሞቱ። የወይዘሮ ዓለምወርቅ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ዕድሜ ጠግበው፣ ልጅ የልጅ ልጅ አይተው ነው የሞቱት። ቤታቸውም ሐደራ ስለሆነ ለቅሶው እዚያ ተቀመጠ። መቼም የእኛ ሰው ለቅሶ ሲሰማ አይቀርም፤ ከአፉላ፣ ከቤርሼቫ፣ ከነታንያ ዘመድ ይጎርፋል። ሽማግሌና አሮጊት ደርሶ መልስ አይችልም፤ ሳምንቱን እዚያው ያድራል። ጎረቤቱና ዘመዱ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን እያወጣ ለሐዘን ቤት ያውሳል። የማን የማን እንደሆነ እንዲለይም እያንዳንዱ ቤት ልብሱ ጫፍ ላይ የራሱን ቀለም ክር ይሰፋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ለቅሶው ሲነሣ ሁሉም በየክሩ የየራሱን ይለቅማል።

እማማ ዓለምወርቅ ገና ከለቅሶ ቤት ደወሉ።

«ሊሞርዬ፣ መኝታውን ሁሉ ላኪው። ሁሉንም! የእኛ ክር ሰማያዊ ነው፣ መስፋቱን እንዳትረሺ።»

ሊሞር መርፌውን አወጣች። ሰማያዊውን ክር በመርፌው ቀዳዳ አሾለከች። ከዚያ እጇ ቆመ። ክር የሌለው ልብስ በለቅሶ ቤት ምን ይሆናል? ይደባለቃል። የተደባለቀ ነገር ደግሞ ወዴት ይሄዳል? ይጠፋል! ማንም ሳይቀየም፣ ማንም ሳይወቀስ፣ ለነፍስ በዋለ ነገር፣ በክብር ይጠፋል። ሊሞር መርፌውን መልሳ ሰካችው። ኦፈርና ጓደኛው መኝታውን ሁሉ ክር ሳይነካው ጭነው ወሰዱት። በለቅሶ ቤት «የምን ምራት ናት! ቤቷን አራግፋ ላከች» ተብላ ተመሰገነች። እሷ ግን ባዶው ማማድ መካከል ቆማ ድምፅዋ ሲያስተጋባ ሰማች፤ ደስ አላት፤ ትንሽም ደበራት፤ የትኛው እንደሚበልጥ አልለየችውም።

ለቅሶው በሚነሣበት ቀን ሊሞር ዕቃ ለማጠብ ሄደች። ሳሎኑ ውስጥ አንዲት አሮጊት አንዱ ፑኽ ላይ ጋደም ብለው አገኘች። እማማ ውዲቱ ይባላሉ፣ የሟቹ እኅት ናቸው፤ ከአፉላ መጥተው ሳምንቱን እዚያ አድረዋል።

«የዓለምወርቅ ምራት አንቺ ነሽ? መኝታዋን ያስቀመጠችብሽ?»

«አዎ እማማ፣ ትርፉን ነው።»

«የምን ትርፍ?»

«ለእንግዳ የሚሆነውን ማለቴ ነው።»

እማማ ውዲቱ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «እንግዳዋ እሷ ናት እንጂ! የእሷም እናት እንዲህ ነው ያደረገችው። ሴት ስታረጅ ለልጇ ‹አንተ ዘንድ ልምጣ› ማለት ያሳፍራታል። ታዲያ መኝታዋን አስቀድማ ትልከዋለች፤ ፍራሽ አፍ የለው፣ አያፍር። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ። ‹ይኼንን ከቤቴ አውጡልኝ› ካላሏት፣ አንድ ቀን እሷም ተከትላ ትገባለች።»

«ኮኮቤ ቤት እኮ ሰፊ ቦታ አለ፣ ልጃቸው ቤት።»

«ሰፊ ቤት የሚያስቀምጡሽ ለብቻሽ ክፍል ሰጥተው ነው። ለብቻዋ መሆንማ አሁንስ መች ጠፋት?»

ሊሞር በእጇ የያዘችው ሳህን ውሃው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ቆማ ቀረች። እውነት ይሆን? ወይስ የአሮጊት ወግ? እማማ ዓለምወርቅ አንድ ቀን እንኳ እነሱ ዘንድ አድረው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ሳይመሽ አውቶቡሳቸውን ይይዛሉ። «የሰው አልጋ እንቅልፍ አያስወስደኝም» ይላሉ። የሰው አልጋ! ኦፈርን በር ላይ አገኘችው።

«እናትህ እኛ ጋር መኖር ይፈልጋሉ እንዴ?»

«እሷ? ማን፣ እናቴ? በጭራሽ። ብቻዬን ነው የሚስማማኝ ትላለች።»

«ፍራሾቹስ?»

«ፍራሽ ፍራሽ ነው፣ ሊሞር። ምን ሆነሻል?»

ሊሞር ወደ ክፍሎቹ ሮጠች። ዘመድ ሁሉ ልብሱን እየለቀመ ነው፤ ቀይ ክር እዚህ፣ አረንጓዴ ክር እዚያ። ክር የሌለውን ለየች፤ ግን ክር የሌለው ብዙ ነው፤ መስፋት የሰነፈ ቤት ሁሉ ልብሱን ዝም ብሎ ልኮታል። የትኛው ፍራሽ ነው «ያ»? የትኛው ነው «ይኸኛው»? ያኔ እንኳ ያልለየቻቸውን አሁን በምን ትለያቸው? እማማ ዓለምወርቅ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ሲያይዋት ዓይኗን ሰበረች። ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የሕንፃው በር ሥር የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ። የአያ ያየህ የልጅ ልጅ አቪቻይ ነው። ኋላውን ከፈተው። ፍራሽ በፍራሽ ላይ፣ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ፤ ከሄደው እንደሚበልጥ በዓይን ይታያል።

«አቪቻይ፣ ይኼ ሁሉ የእኛ አይደለም!»

«ክር አለው?»

«የለውም።»

«በቃ፣ የናንተ ነው። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው ተነጋገሩበት። ክር የሌለው ሁሉ የዓለምወርቅ ምራት መኝታ ነው፣ ቤቷን አራግፋ የላከች እሷ ናት፣ ሰው በልኩ አይካስም ይጨመርለታል እንጂ አሉ።»

«እንዴት እንዲህ ይፈርዳሉ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ሹፌር ነኝ» አለና የማታውቀውን ባለ አበባ ፍራሽ ትከሻው ላይ አወጣ።

ሊሞር መሳቅ ይሁን ማልቀስ ያለባት ሳታውቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የእማማ መኝታ ከነዘመዱ ተመልሷል። ተቆጣጣሪዋ የምትመጣው ደግሞ በማግስቱ ጧት ነው።

ኮኮቤ ወሬው ደርሷት ደወለች። «ሊሞርዬ፣ ሰማሁ። አትጨናነቂ፤ ማሕሳኑን፣ የጓሮውን ዕቃ ቤት፣ አስጠርጌልሻለሁ፤ ባሌ መኪናውን ይዞ ሊመጣ ነው። እናቴን እኔ አሳምናታለሁ።»

ይኸው፤ ሊሞር ለዓመታት የተመኘችው ነገር በስልክ መጣላት። «እሺ» ማለት ብቻ ነው የሚቀራት። አፏን ከፈተች። የወጣው ቃል ሌላ ነው።

«ተይው፣ ኮኮቤ። እዚሁ ይሁን።»

«እዚሁ የት?»

«እሱን አላውቅም» አለች ሊሞር፤ እውነቷን ነው።

ኦፈር ማታ ሲገባ ሚስቱን የገዛ አልጋቸው ላይ ቆማ አገኛት። ፍራሹን በፍራሽ ላይ ትደርባለች። ኦፈር አንድ ጊዜ አያት፣ አንድ ጊዜ ተራራውን አየ፤ ልጂቱን ይዞ መናፈሻ ሊሄድ ሲል ዓይኗን አይቶ ተወው። «ከየትኛው ልጀምር?» አለ። ባለ አበባውም፣ ግራጫዎቹም፣ ፑኹም አልጋው ላይ ወጡ። ሲጨርሱ አልጋው ከወገብ በላይ ደርሶ ነበር። ያን ዕለት ተንጠላጥለው ወጥተው ተኙ። የጣሪያው መብራት እንደ ጎረቤት ቀረባቸው።

ጧት ተቆጣጣሪዋ ዳፍና መጣች፤ ፀጉሯ አጭር፣ ሳቋም አጭር። የእሳት ማጥፊያውን አየች፣ የመስኮቱን ፍርግርግ ነቀነቀች፣ ማማዱ ውስጥ ገብታ ባዶውን ወለል በዓይኗ ለካች። «ይኼ ክፍል በጣም ጥሩ ነው» አለች።

ያኔ ወይዘሮ ዓለምወርቅ ቅርጫታቸውን ይዘው ገቡ። ሰላም አሉ። ለዳፍና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ በተከፈተው በር ማማዱን አዩት።

ባዶውን ክፍል ሲያዩ ቆሙ። ቅርጫቱን አላስቀመጡም፤ ውሃ አልጠጡም። ዓይናቸው ወለሉ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሄዶ ተመለሰ።

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ።

ሊሞር ጠበቀች። «ግን» አልመጣችም። በትዳሯ ዘመን ሁሉ ያቺን ቃል እንዳትሰማ ስትመኝ የኖረች ሴት፣ አሁን ቀርታባት ደነገጠች። እማማ ዓለምወርቅ ወደ በሩ መለስ አሉ፤ «እንግዲህ ሥራ ላይ ናችሁ፣ በኋላ እመጣለሁ።»

«እማማ፣ ይምጡ እስቲ» አለች ሊሞር። ክንዳቸውን ይዛ፣ ዳፍና እየተከተለቻቸው፣ መኝታ ቤቱን ከፈተችው።

ተራራው እዚያ ነው፤ ፍራሹ፣ ፑኹ፣ ግራጫው፣ ከላይ ደግሞ ትራስ በትራስ ላይ። ዳፍና «ይኼ ምንድን ነው?» አለች በሂብሩ።

«የአማቴ መኝታ ነው» አለች ሊሞር።

«ሕፃን ላይ ቢወድቅስ? ማስወጣት አትችይም?»

«አይወጣም። በሩ ግን በቁልፍ ይዘጋል፤ ሕፃን አይገባበትም።» ሊሞር ራሷ በድምፅዋ ደነገጠች።

ዳፍና የበሩን ቁልፍ አዙራ ሞከረችው፤ ከዚያ ፈገግ አለች። «የእኔ አማት ምንጣፍ ነው የምታመጣው» አለችና ወጣች። ፈቃዱ እንደሚሰጣት በር ላይ ነገረቻት። እማማ ዓለምወርቅ ግን ይህን ሁሉ አልሰሙም። ተራራውን ዞረው አዩት፤ አንዱን ፍራሽ ተጫኑት፣ ባለ አበባውን በጥርጣሬ ገላለጡት። ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ውሃ ጠጡ።

ዓርብ ዕለት እንደገና መጡ። ከቅርጫታቸው ሌላ የእንጨት በርጩማ ተሸክመዋል፤ ሦስት ፎቅ በደረጃ አውጥተውት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ኦፈር ተቀበላቸው። «እናቴ፣ ምን አስቸገረሽ? እኛ እኮ ወጣቶች ነን፣ ዘለን እንወጣለን።»

«ለእናንተ ነው ማን አለ?» አሉት። ፊታቸውን ወደ ቲማቲሙ መለሱ። «ለእኔ ነው። ፍራሽ ላውርድ ብል በምን ልወጣ ኑሯል?»

«መቼ ሊያወርዱ ነው፣ እማማ?» አለች ሊሞር።

«ሰንበትን እዚህ ባድር ብዬ ነው። አውቶቡስም ዓርብ ዓርብ ቶሎ እየቆመ...» አሉና የቀረውን አልጨረሱትም።

ሦስቱም ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ወይዘሮ ዓለምወርቅ በርጩማውን አልጋው ግርጌ አስቀመጡት። ሊሞር አየችው፤ አላስቻላትም።

«እዚያ በኩል መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፤ በግድግዳው በኩል ቢሆን ይሻልዎታል። እጅዎንም ግድግዳው ይደግፍዎታል።»

እማማ ዓለምወርቅ ቀና ብለው ምራታቸውን ከእግር እስከ ራሷ አይዋት።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉ። በርጩማውን አነሡና በግድግዳው በኩል አስቀመጡት።